የሚሸለመው ፊልም ከመሸለሙ በፊት በምን ምልክት ይታወቃል?

ፊልም እንደ ጨርቃ ጨርቅ በሜትር፣ እንደ ምስማርም በኪሎ የማይለካ ነገር ቢሆንም ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚገባ፣ ቀብድ የሚከፈልበት፣ የሚያተርፍና የሚያከስር የንግድ ዕቃ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። ከሌሎቹ ዕቃዎች የሚለይበት ዋና ነገር ዋጋው በአንዲት ሌሊት የሚለወጥ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ «ኦስካር» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት በየዓመቱ በየካቲት ወይም በመጋቢት ወር በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚሰጥበት ምሽት፣ ፖስታ ተከፍቶ የአንድ ፊልም ስም ሲነበብ፣ ትናንት ጠያቂ ያልነበረው ፊልም በማግሥቱ የየአገሩ ወኪሎች የሚሻሙበት ይሆናል። በዚያች ቀን ለመግዛት የተነሣ አስመጪ የሚገዛው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ጭምር ነውና ውድ ይከፍላል። ከሽልማቱ በፊት የገዛው ደግሞ ቡናን በአበባው የገዛ ነጋዴ ማለት ነው፤ ዝናቡ በጊዜው ቢዘንብ ይከብራል፣ አበባው ቢረግፍ ግን የሰጠውን ገንዘብ የሚመልስለት የለም።

ታዲያ ለሽልማት ይበቃሉ የሚባሉትን ፊልሞች ከወራት በፊት ለይቶ ማወቅ ይቻላልን? ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይቻላል። ሽልማቱ በድንገት የሚወድቅ ዕጣ አይደለም። በታወቁ ከተሞች፣ በታወቁ ወራትና በታወቁ ነጋዴዎች እጅ አንድ ዓመት ሙሉ ሲተላለፍ የቆየ የገበያ ጉዞ መጨረሻ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ተጓዡን ከሩቅ ይለየዋል። ሽልማቱ በተሰጠ በማግሥቱ «የመጪው ዓመት ዕጩዎች እነዚህ ናቸው» እየተባለ በየጋዜጣው የሚታተመው ዝርዝር ግን ለመዝናኛ ያህል ይነበብ እንጂ ገንዘብ የሚወጣበት ሰነድ አይደለም፤ በዝርዝሩ ከሚገኙት ፊልሞች ብዙዎቹ ገና ተሠርተው ያላለቁ ናቸውና። የውርርድ ቤቶችን ሒሳብ እያዩ ግዢ የሚያደርጉም አሉ። እኛ በበኩላችን አንመክረውም፤ ተወራራጁ የሚያነበው ነጋዴው የሚያነበውን ምልክት ነው፣ ያውም ዘግይቶ።

አስቀድሞ ሽልማቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) አካዳሚው በ1927 የተቋቋመ ሲሆን የመጀመሪያውን ሽልማት የሰጠው በግንቦት 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የተሸለመውም ፊልም «ዊንግስ» ይባላል። ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት አባሎች ወደ 10,000 የሚጠጉ የፊልም ሙያተኞች ናቸው፤ ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮች፣ ደራስያን፣ የካሜራ ሠራተኞች፣ የሙዚቃ ቀማሪዎችና ሌሎችም። የጋዜጣ ሐያሲ በሐያሲነቱ ድምፅ የለውም፣ ተመልካቹም የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው የተጋፋበት ፊልም ሁሉ፣ ጋዜጦች ያደነቁትም ሁሉ የሚሸለም መስሎ ከታየን መነሻችን ተሳስቷል። ፈራጆቹ የሙያው ባለቤቶች በመሆናቸው ነጋዴው የሚከታተለው የእነርሱን አዝማሚያ ሊሆን ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደንብ ነው። አንድ ፊልም ለዋናው የምርጥ ፊልም ሽልማት እንዲወዳደር ከጥር 1 እስከ ታኅሣሥ 31 ባለው የአውሮጳ ዓመት ውስጥ በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ በቺካጎ፣ በዳላስና ፎርት ዎርዝ ወይም በአትላንታ በሲኒማ ቤት ለሰባት ተከታታይ ቀናት መታየት አለበት። ከ2024 ፊልሞች ጀምሮም ከዚህ በተጨማሪ በ45 ቀን ውስጥ ከ50ዎቹ ታላላቅ የአሜሪካ የፊልም ገበያዎች በአሥሩ ተጨማሪ ሰባት ቀን እንዲታይ ታዝዟል። ይህን የመሰለ ደንብ ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ለአስመጪ ግን ከምስጋና ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ሻጩ ወኪል ፊልሙን «የኦስካር ዕጩ የሚሆን» እያለ ሲያሞግስ፣ ገዢው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ አጭር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በአሜሪካ የሚያሳየው ማነው? በስንት ቀንስ ይከፈታል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ፊልም የቱንም ያህል መልካም ቢሆን በዚያ ዓመት ተወዳዳሪ አይደለም።

የዚህም ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በሚደረገው የፊልም በዓል ተመልካቹ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ የሚመርጠው ፊልም፣ ከ2012 እስከ 2023 ባሉት 12 ዓመታት አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ለኦስካር ምርጥ ፊልም ዕጩ ሆኗል። እንዲህ ያለ ተከታታይ ውጤት ያየ ነጋዴ በ2024 ያሸነፈውን «ዘ ላይፍ ኦቭ ቸክ» የተባለውን ፊልም ዓይኑን ጨፍኖ ቢገዛ ሊፈረድበት አይችልም ነበር። ነገር ግን ፊልሙ በቶሮንቶ ሲሸለም በአሜሪካ የሚያሳየው አከፋፋይ ገና አልነበረውም። በሲኒማ ቤት የታየው በ2025 ክረምት በመሆኑ የዚያን ዓመት ውድድር አለፈው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወሬው በርዶ ስለነበር ለዋናው ሽልማት ሳይታጭ ቀረ። ምልክቱ ትክክለኛ ነበር፤ ዕቃው ግን ለገበያው ቀን አልደረሰም።

የገበያው ወራት ከእኛ አገር ዘመን አቆጣጠር ጋር እንደ ተነጋገረ ሰው ይስማማል። የጥምቀት በዓል ባለፈ በጥቂት ቀን የአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም በዓል ይከፈታል፤ በዚያ የሚቀርቡት አብዛኞቹ በአነስተኛ ገንዘብ የተሠሩና ገዢ የሚፈልጉ ፊልሞች ናቸው። በግንቦት በፈረንሳይ አገር የካን በዓል ይከተላል። በካን ከሽልማቱ ውድድር ጎን ለጎን ከ1959 ጀምሮ ትልቅ የፊልም ገበያ የሚደረግ ሲሆን የየአገሩ አስመጪዎች ውል የሚፈራረሙበት ዋና ሥፍራ ይህ ነው። ከዚያም ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ የቬኒስ በዓል በኢጣልያ፣ የቴሉራይድ በዓል በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራራዎች ይደረጋሉ። ቶሮንቶ ደግሞ እኛ የእንቁጣጣሽን ችቦ ስናበራ ገበያው የሞቀበት ሰዓት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ይከፈታሉ፤ በጥር የዕጩዎች ስም ይታወቃል፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት ሽልማቱ ይሰጣል።

ከእነዚህ በዓላት የትኛው የበለጠ ይታመናል ቢባል እንደ ዘመኑ ይለያያል። የካን ታላቅ ሽልማት «ወርቃማው ዘንባባ» ለረጅም ጊዜ ለኦስካር ምልክት ሊሆን አልቻለም ነበር፤ «ማርቲ» የተባለው ፊልም በ1955 ከተሸለመበት በኋላ ሁለቱን ሽልማቶች አጣምሮ የያዘ ሌላ ፊልም የተገኘው የኮርያው «ፓራሳይት» በ2019 ሲነሣ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለውጧል። አካዳሚው ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ብዙ አባሎችን ስለ ጨመረ የአውሮጳና የእስያ ፊልሞች በድምፅ ሰጪዎቹ ዘንድ ባዕድ መሆናቸው ቀርቷል፤ በ2024 በካን የተሸለመው «አኖራ» በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር አምስት ኦስካር ወሰደ። ቬኒስም በበኩሉ በ2017 «ዘ ሼፕ ኦቭ ዋተር» የተባለውን፣ በ2020 «ኖማድላንድ» የተባለውን ሸልሞ ሁለቱም ለኦስካር በቅተዋል። በአንድ በዓል ብቻ የተመሰገነ ፊልም ብዙ ነው፤ በሁለትና በሦስት በዓላት፣ በተለያየ ዓይነት ተመልካች ፊት ቀርቦ ምስጋናው ያልቀነሰ ፊልም ግን በጣት የሚቆጠር ነውና አስመጪው ዓይኑን ሊጥል የሚገባው በዚህኛው ላይ ነው።

የ«ስላምዶግ ሚሊየነር» ታሪክ ለነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንተርከዋለን። ፊልሙ በሕንድ አገር በቦምቤ ከተማ የተቀረጸ፣ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ነበር። በአሜሪካ የማሳየት መብቱን ይዞ የነበረው የዋርነር ኩባንያ ቅርንጫፍ በ2008 ግንቦት ላይ ተዘጋ፤ ዋናው ኩባንያም ፊልሙ ይሸጣል ብሎ ስላላመነ በሲኒማ ቤት ሳይታይ በቀጥታ በዲቪዲ ይሸጥ የሚል አሳብ ተነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ፎክስ ሰርችላይት የተባለው ድርጅት በዚያው ክረምት የመብቱን ግማሽ ገዝቶ ፊልሙን ለማከፋፈል ተረከበ። በነሐሴ መጨረሻ በቴሉራይድ ታየ፣ በመስከረም በቶሮንቶ የተመልካቾችን ምርጫ አሸነፈ፣ በኅዳር በአሜሪካ ተከፈተ፣ በየካቲት 2009 ስምንት ኦስካር ተሸከመ። በዓለም ገበያ የሸጠውም ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ፊልሙ ራሱ እንዳልተለወጠ ነው። የተለወጠው የያዘው እጅና የቀረበበት ቀን ብቻ ነበር።

ስለ ያዘው እጅ ከተነሣ ዘንድ ይህ ከምልክቶች ሁሉ ዋነኛው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ልምድ ያለው ላኪ የቡናን ጥራት ከመቅመሱ በፊት ያጠበውንና ያደረቀውን ሰው ስም እንደሚጠይቅ፣ ፊልም ገዢም በአሜሪካ የሚያከፋፍለውን ድርጅት ስም ሊጠይቅ ይገባል። ኒዮን የተባለው በ2017 የተቋቋመ አነስተኛ ድርጅት «ፓራሳይት»ን የገዛው ፊልሙ በካን ከመቅረቡ በፊት፣ በ2018 ገበያ ላይ ነው። ከ2019 እስከ 2025 «ወርቃማውን ዘንባባ» ያገኙት ስድስት ፊልሞች ሁሉ (በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሽልማት አልተሰጠም) በአሜሪካ የተከፋፈሉት በዚሁ ድርጅት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአጋጣሚ አይሆንም፤ የመምረጥ ዓይን አለበት፣ ከመምረጥም በኋላ ገንዘብ ማውጣት አለበት። ድምፅ ሰጪዎቹ ፊልሙን እንዲያዩት ልዩ ማሳያ ይደረጋል፣ በሙያ ጋዜጦች ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተዋንያኑ ከከተማ ወደ ከተማ ይመላለሳሉ። «አኖራ» በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ሲሆን ለማስታወቂያው የወጣው ገንዘብ ከዚህ እንደሚበልጥ ተዘግቧል። አከፋፋዩ አንድን ፊልም ከያዛቸው ፊልሞች መካከል ለይቶ ይህን ያህል ወጪ ሲያወጣለት ማየት፣ ባለቤቱ ራሱ በዕቃው ላይ ምን ያህል እንደሚተማመን ማየት ነው።

ይሁንና ባለ ብዙ ገንዘብ ገዢም ይሳሳታል። በጥር 2016 በሰንዳንስ በዓል «ዘ በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» የተባለው ስለ ጥቁሮች የባርነት ዓመፅ የሚናገር ፊልም ሲታይ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ፤ ፎክስ ሰርችላይትም ያን ጊዜ በዚያ በዓል ታይቶ በማይታወቅ ዋጋ፣ በ17 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገዛው። ጋዜጦች ሽልማቱን በዚያው ወር ሰጥተውት ነበር። ከጥር እስከ ጥቅምት ግን ዘጠኝ ወር አለ። በዚህ መካከል የሕዝቡ ንግግር ከፊልሙ ወደ ፊልሙ ዳይሬክተር የግል ታሪክ ተሻገረ፤ ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ፣ በአንድም የኦስካር ዘርፍ አልታጨም። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው በሰንዳንስ አፕል የተባለው ኩባንያ «ኮዳ» የተባለውን አነስተኛ ፊልም በ25 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙ ሰው «ያው ስሕተት ተደገመ» ብሎ ነበር፤ ፊልሙ ግን በመጋቢት 2022 የታጨባቸውን ሦስቱንም ሽልማቶች፣ ዋናውን ጨምሮ፣ ወሰደ። ሁለቱ ግዢዎች በአንድ በዓል፣ በአንድ ወር የተደረጉ ናቸው። በጥር የሚሰማ ጭብጨባ የሚያስረዳው ፊልሙ ተመልካችን እንደሚነካ ብቻ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ለመቆየቱ ዋስትና አይሆንም።

የዕጩዎቹ ስም ከታወቀ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም ምልክቱ የሚጠራው ያን ጊዜ ነው። የአሜሪካ ዳይሬክተሮች፣ ተዋንያንና ፕሮዲውሰሮች ማኅበራት የየራሳቸውን ሽልማት በኦስካር ዋዜማ ሳምንታት ይሰጣሉ። ከማኅበራቱ አባሎች ብዙዎቹ የአካዳሚው አባሎች ስለሆኑ ውጤቱ ቀደም ብሎ እንደ ተቀመሰ ወጥ ነው። በተለይ የፕሮዲውሰሮች ማኅበር ከ2009 እስከ 2024 ከወጡት የ16 ዓመት ፊልሞች መካከል ከአካዳሚው ጋር ያልተስማማው በሦስቱ ዓመት ብቻ ነው። በ2015፣ በ2016ና በ2019 ፊልሞች ላይ ማለት ነው።

ይህን ያህል የሚስማሙበት ምክንያት ድምፅ አቆጣጠራቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ ሲሆን አቆጣጠሩን መረዳት ለትንበያ ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። አካዳሚው በ2009 ፊልሞች ላይ የዕጩዎችን ቁጥር ከአምስት ወደ አሥር ካሳደገ ወዲህ፣ ድምፅ ሰጪው ለዋናው ሽልማት አንድ ስም ብቻ በመጻፍ ፈንታ ዕጩዎቹን ከአንደኛ ጀምሮ በተራ እንዲያስቀምጥ ተደርጓል። ለምሳሌ ያህል 100 ሰዎች ሦስት ፊልሞችን ቢመርጡ፣ 40ው የመጀመሪያውን፣ 35ቱ ሁለተኛውን፣ 25ቱ ሦስተኛውን አንደኛ ቢያደርጉ ከመቶ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ሦስተኛው ይወጣል። የእርሱ 25 ወረቀቶች ተገልጠው በሁለተኛ ደረጃ ወደተጻፈው ፊልም ይዛወራሉ። ከእነዚህ 20ው ሁለተኛውን ፊልም ጽፈው ከተገኙ ሁለተኛው 55 ይሆንና ያሸንፋል፤ በመጀመሪያ ይመራ የነበረው በ45 ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አቆጣጠር ጥቂቶች የሚያመልኩትና ሌሎች የሚጠሉት ፊልም ይወድቃል፣ ሁሉም በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ የሚያስቀምጠው ይነሣል። በየካቲት 2017 በ14 ዘርፍ የታጨው «ላ ላ ላንድ» ስድስት ሽልማት ይዞ ዋናውን ለ«ሙንላይት» ሲለቅ፣ በመድረኩ ላይም የተሳሳተ ፖስታ ተነብቦ ዓለም ሲገረም፣ ብዙ መታጨትና ማሸነፍ የተለያዩ መሆናቸው በአደባባይ ታየ። በ2025ም «ኤሚሊያ ፔሬዝ» በ13 ዘርፍ ታጭቶ የወሰደው ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ምን ያህል ሰው ወደደው?» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል ሰው ይጠላዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ማሸነፉን ማወቅ ለእኔ ሣጥን ምን ያመጣል?» ብሎ ሊጠይቅ መብት አለው። መልሱ ሽልማቱ ፊልሙን በየት ሥፍራ እንዳገኘው ይለያያል። «ፓራሳይት» ሽልማቱን ሲቀበል በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገና እየታየ ስለነበር በሰሜን አሜሪካ ከ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተነሥቶ ከ53 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በአንጻሩ በመጋቢት 2010 ያሸነፈው «ዘ ኸርት ሎከር» በሰኔ ተከፍቶ ሥራውን የጨረሰ፣ ዲቪዲውም በጥር ለገበያ የወጣ ስለነበር በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያገኘው በጠቅላላው ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። እንደ «ኦፐንሃይመር» ያለውም በሐምሌ 2023 ተከፍቶ በዓለም ገበያ ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሸጠው ሽልማቱ ሳይመጣ ነውና ኦስካሩ ለገንዘቡ እምብዛም አልጨመረለትም። የሽልማቱ ትርፍ የሚገኘው በመካከለኛው ዓይነት፣ ስሙ ገና ባልገነነና በሲኒማ ቤት በር ላይ ባለ ፊልም ነው።

ለአገራችን ሲኒማ ቤት ባለቤት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የሽልማቱ ምሽት በአብዛኛው ዓመት በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። የሎስ አንጀለስ ነጋዴ ማስታወቂያውን በሚያበዛበት ሳምንት የአዲስ አበባው ነጋዴ ሰው በጾም ወራት ምን ያህል ለመዝናናት እንደሚወጣ የራሱን መዝገብ አገላብጦ ማየት ይኖርበታል። ምናልባት ፊልሙን በጥር ወር፣ ዕጩነቱ እንደ ተሰማ አሳይቶ ለትንሣኤ ማግሥት ሁለተኛ ዙር ማስቀመጡ ይሻል ይሆናል። ከዚህም ጋር በኢንተርኔት የሚያሳዩ ድርጅቶች የገዟቸው ፊልሞች ለሲኒማ ቤት የሚሸጥ መብት ላይኖራቸው እንደሚችል አይዘንጋ። «ኮዳ»ን የመሰለ ፊልም ያሸንፋል ብሎ መተንበይ ይቻል ይሆናል፤ ባለቤቱ በራሱ መስመር ለዓለም ሁሉ የሚያሳየውን ዕቃ ግን አስመጪ ከየት ገዝቶ ያመጣዋል?

ለመጻሕፍት መደብሮች በአጭሩ አንድ ነገር እንጥቀስ። ከተወዳዳሪ ፊልሞች ብዙዎቹ ከመጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው፤ «አሜሪካን ፕሮሚቲየስ» የተባለው በ2005 የታተመው የኦፐንሃይመር የሕይወት ታሪክ በ2023 ፊልሙ ሲወጣ በአሜሪካ ብዙ ከሚሸጡት መጻሕፍት መካከል ተመልሶ ገብቷል። ከውጭ የሚታዘዝ መጽሐፍ እስኪደርስ ወራት ስለሚፈጅ፣ የመስከረምን ወሬ ሰምቶ በጥቅምት ያዘዘ ባለ መደብር በጥር መደርደሪያው ይሞላል።

ፊልም ወደ ውጭ ለመላክ ለሚያስቡ ወገኖቻችንም በር አልተዘጋም። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ለተሠሩ ፊልሞች በተመደበው ዘርፍ እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ያቀርባል፤ ከቀረቡትም በታኅሣሥ 15 ተለይተው በጥር አምስቱ ይታጫሉ። ኢትዮጵያ ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን «አትሌቱ»ን በ2010፣ «ድፍረት»ን በ2014፣ «ላምብ»ን በ2015፣ ከዚያም በ2019 «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ»ን አቅርባለች። እስከ ዕጩነት የደረሰ የለም። ነገር ግን «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ «ላምብ»ም በ2015 በካን ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ከላይ በዘረዘርነው መንገድ ሲመዘኑ ሁለቱ ፊልሞች በዓላቱን አልፈዋል፤ በድምፅ ሰጪዎቹ ደጅ የሚቆምና በስማቸው ገንዘብ የሚያወጣ ታላቅ አከፋፋይ ማግኘት ግን በዓል ከማለፍ የከበደ ነው። ወደፊት ፊልሙን በበዓላት ለማቅረብ የሚነሣ ፕሮዲውሰር ለአከፋፋይ ፍለጋው ለፊልሙ መሥሪያ ካሰበው ያላነሰ ጊዜ ቢመድብ መልካም ነው።

በመጨረሻ ስለ ውል። ከሽልማት በፊት የሚፈጸም ግዢ ሁሉ በአንድ ቁርጥ ዋጋ መሆን የለበትም። በዓለም የፊልም ገበያ የታወቀው ልማድ ዋጋውን ከፍሎ መጻፍ ነው፤ መነሻው ገንዘብ ዝቅ ብሎ ይወሰንና፣ ፊልሙ ለምርጥ ፊልም ሲታጭ ይህን ያህል፣ ሲያሸንፍ ይህን ያህል ይጨመራል ተብሎ ይዋዋሉበታል። እንዲህ ሲሆን የአበባው መርገፍ በገዢው ላይ ብቻ አይወድቅም። መብቱ የሚጸናበት ዘመንም ከሽልማቱ ቀን በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት እንዲሸፍን መጻፍ አለበት፤ በየካቲት የሚያልቅ መብት ገዝቶ በመጋቢት የተሸለመ ፊልም ባለቤት መሆን አይቻልምና። ብዙ ጊዜ የአፍሪካ አገሮች መብት በአንድነት የሚሸጥ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ አስመጪ የሚፈልገው የአንድ አገር መብት ከሆነ አስቀድሞ የጠቅላላውን ባለመብት ማነጋገር ይኖርበታል፤ ለዚህም የሚመቸው ወኪሎቹ ሁሉ በአንድ ሥፍራ የሚገኙበት የግንቦቱ የካን ገበያ ነው።